የብስክሌት ፊት ቦርሳ ወይስ ቅርጫት? ስትመርጡ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብስክሌት መንዳት የጀመረ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ዕቃዬን የት ላድርገው? የሚታዘል ቦርሳ ጀርባን ላብ በላብ ያደርጋል። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ደግሞ ጉልበት ይመታል፣ ባስ ሲልም ጎማው ውስጥ ገብቶ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ፊት ላይ የሚገጠም ቦርሳ ወይም ቅርጫት ፍለጋ ይጀመራል። ብዙ ሰው ብሩን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚለው ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፤ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በደንብ የተደገፈ ርካሽ ቅርጫት፣ እንዲሁ ከተንጠለጠለ ውድ ቦርሳ ይበልጣል። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለማየት ነው።

መልኩን አይቶ መግዛት

ከመግዛታችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት በብስክሌት ምን ምን እንደያዛችሁ አስታውሱ። ስልክ፣ ቁልፍ፣ የኪስ ቦርሳና አንድ ሀይላንድ ውሃ ከሆነ ትንሽ የፊት ቦርሳ ከበቂ በላይ ነው። ከጉሊት ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከዳቦ ቤት ዳቦ፣ መንገድ ላይ ሙቀት ሲሆን የሚወልቅ ጃኬት ከሆነ ግን ቅርጫት ይመቻል፤ ወርወር አድርጋችሁ መሄድ ነው፣ ዚፕ የለ፣ ማሰሪያ የለ። ላፕቶፕን በተመለከተ ሁለቱንም አልመክርም። ፊት ላይ ያለው ንዝረት ከባድ ነው፣ በተለይ ኮብልስቶን ላይ። ላፕቶፕ ጀርባችሁ ላይ ይሁን፣ ወይም የኋላ መጫኛው ጎን ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ውስጥ።

የምትኖሩበት ከተማም ይወስናል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው፤ ቅርጫት ሞልቶ ቀስ እያሉ መሄድ ችግር የለውም። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ 6 ኪሎ ቁልቁል ስትወርዱ ፊታችሁ ላይ ያለች እያንዳንዷ ኪሎ ትሰማችኋለች።

ክብደቱ ምን ላይ እንዳረፈ አለማየት

ይህ ዋናው ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ፊት ላይ የሚገጠም ዕቃ የሚይዘው ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ነው።

አንደኛው መሪው ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው ቦርሳና ትናንሽ ቅርጫቶች እንዲህ ናቸው። ለመግጠም ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ጭነቱ ከፍ ብሎ ከመሪው ወደ ፊት ወጣ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው፣ መሪው ሲዞርም አብሮ ይዞራል። በፍጥነት ስትሄዱ ብዙም ላይሰማችሁ ይችላል። ቀስ ስትሉ ነው ጉዱ የሚመጣው። መኪና ለማሳለፍ ዝግ ስትሉ፣ ወይም በሰው መሃል ስትሹለከለኩ፣ መሪው ትንሽ ዘንበል ካለ ጭነቱ ወደዚያው ይጎትተዋል። እናንተ ትመልሳላችሁ፣ እሱ መልሶ ይጎትታል። ለቀላል ዕቃ ምንም አይደለም። ለከባድ ዕቃ ግን ክንድ ያዝላል፣ ጀማሪንም ይጥላል።

ሁለተኛው ከጎማው ዘንግ ተነስቶ ወደ ላይ በሚወጣ እግር የተደገፈ ነው። በጃፓን የከተማ ብስክሌቶች ላይ የምታዩት ትልቁ የሽቦ ቅርጫት እንዲህ ነው። አሁንም ከመሪው ጋር ይዞራል፤ ክብደቱ ግን በእግሩ በኩል በቀጥታ ወደ ጎማው ስለሚወርድ መሪው ተሸካሚ አይሆንም። ለገበያ ዕቃ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ከራሱ ከብስክሌቱ አካል፣ ከቴላዮው ጋር የሚታሰር ነው። መሪው ሲዞር ጭነቱ አይዞርም። ሆላንድ ያላችሁ በዕቃ መጫኛ ብስክሌቶች ላይ ታውቁታላችሁ። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ብሮምፕተን የሚባለውን ታጣፊ ብስክሌት አይታችሁ ይሆናል፤ የፊት ቦርሳው የሚሰካው ቴላዮው ላይ ባለ መያዣ ነው። መጀመሪያ ቀን ግራ ያጋባል፤ መሪውን ታዞራላችሁ፣ ቦርሳው ፊቱን ሳያዞር ቀጥ ብሎ ይቀራል። ከለመዳችሁት በኋላ ግን ከባድ ዕቃ ለመያዝ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው። አገር ቤት እንደ ልብ አይገኝም።

ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ «ይሄ የሚደገፈው በምንድን ነው?»

ሞላ ያለው ብስክሌት ላይ እግር ያለው ቅርጫት መግጠም

አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚነዳው የተራራ ብስክሌት ነው፣ ፊቱ ላይ ሞላ ያለው። ሰው ይህን ሳያስብ እግር ያለው ቅርጫት ይገዛል። የቅርጫቱ እግር ብረት ስለሆነ ርዝመቱ ያው ነው። ሞላው ግን ጉድጓድ በመታ ቁጥር ይረግጣል፣ ሲረግጥ በመሪውና በጎማው ዘንግ መሃል ያለው ርቀት ያጥራል። የሆነ ነገር መሸነፍ አለበት። ወይ እግሩ ይጣመማል፣ ወይ ላይ ያለው መያዣ ይላቀቃል፣ ወይ ደግሞ ሞላው መሥራቱን ያቆማል።

የእናንተ ሞላ ያለው ከሆነ ከፊት ቀላል ቦርሳ ወይም መሪው ላይ የሚሰካ ትንሽ ቅርጫት ይብቃችሁ። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ መጫኛ ይሂድ።

ከልክ በላይ መጫን

መሪ ላይ የሚሰኩ መያዣዎች የሚችሉት ክብደት ብዙ ጊዜ ላያቸው ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። የተለመደው 5 ወይም 7 ኪሎ ነው። ትንሽ አይደለም ትሉ ይሆናል። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ስኳር ደምሩ፤ 5 ኪሎ ሞላ። የቅርጫቱ የራሱ ክብደትም እዚያው ውስጥ ይታሰባል፣ የብረት ከሆነ ደግሞ ቀላል አይደለም። ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ከገዛችሁ ከዚህ ዝቅ ብላችሁ ገምቱ።

አጫጫኑም ለውጥ ያመጣል። ከባዱን ታች፣ ወደ እናንተ ጠጋ አድርጉት። ጎንና ጎኑ ይመጣጠን፤ ውሃው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ መሪው ወደዚያ እየሳበ ያስቸግራል። ቁልቁለት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አትደንግጡ፣ ቀስ እያላችሁ ፍሬን ያዙና ቁሙ፣ ከዚያ የተወሰነውን ዕቃ ወደ ኋላ አዛውሩ። መሪያችሁ የካርቦን ከሆነ ደግሞ አምራቹ ካልፈቀደ ምንም መያዣ አትጠፍሩበት፤ ካርቦን አላግባብ ሲጨመቅ ይሰነጠቃል።

ሽቦውንና መብራቱን መርሳት

የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ከመሪው ወደ ፊት ቀስት ሠርተው ነው የሚወርዱት። ልክ ቦርሳው ወይም ቅርጫቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ቦርሳውን ገፋ አድርጎ ማሰር ሽቦውን ያጥፈዋል። የታጠፈ የፍሬን ሽቦ ይከብዳል፣ ቶሎም አይመለስም።

ስትገጥሙ እንዲህ ሞክሩ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩና ፍሬኖቹን ጨምቁ። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩና ድገሙት። ሁሌ እንደሚሰማችሁ ካልተሰማችሁ፣ ሲለቀቅ ጎማውን ይዞ ከቀረ፣ ወይም ሽቦው በአንድ በኩል ተወጥሮ መሪው አልዞርም ካለ፣ አገጣጠሙ ልክ አይደለም። ይህን ሳታስተካክሉ ከግቢ አትውጡ። ዕቃ ከተጫነ በኋላም አንዴ ድገሙት፤ ባዶ ቦርሳና የሞላ ቦርሳ አንድ አይደሉም።

መብራትም አለ። መሪው ላይ የነበረው መብራት አሁን የሚያበራው ቅርጫቱን ነው፣ መንገዱ ጨለማ ይሆናል። ወደ ቅርጫቱ ግንባር ውሰዱት።

ቦርሳው ወደ ጎማው እንዲወርድ መተው

ከስህተቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ለስላሳ ቦርሳ ሲሞላ ወደ ታች ይለጠጣል። አጭር ሰው የሚነዳው ትንሽ ብስክሌት ላይ ከሆነ ደግሞ በመሪውና በጎማው መሃል ያለው ቦታ ሲጀመርም ጠባብ ነው። ቦርሳው ጎማውን መንካት ከጀመረ ይበሳል። ማንገቻው ወይም የተረፈው ማሰሪያ ጎማው ሽቦዎች መሃል ከገባ ግን ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል፣ እናንተ በመሪው ላይ ተወርውራችሁ ትሄዳላችሁ።

ዕቃ ጭናችሁ ለኩ። በቦርሳው ሥርና በጎማው መሃል ቢያንስ አራት ጣት በደንብ ይግባ። ሞላ ካለው ከዚያም በላይ፣ ምክንያቱም ሞላው በረገጠ ቁጥር ያ ክፍተት ይጠባል። የሚንዘላዘል ማሰሪያ ካለ ቁረጡት ወይም ጠቅልላችሁ እሰሩት። ማንገቻውን ፈታችሁ ውስጥ ክተቱት።

ሳይለኩ ከውጭ ማስላክ

«እህቴ ከዲሲ ልትመጣ ነው፣ ቦርሳ ላስመጣ» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን የሚሰካበት መያዣ የሚሠራው በመሪው ውፍረት ልክ ነው፣ ካልገጠመ ደግሞ መልሶ መላኩ ከዋጋው ይበልጣል። መያዣው በሚቀመጥበት በመሪው መሃል አካባቢ ያለው ውፍረት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ 25.4 ሚሊ ሜትር ወይም 31.8 ሚሊ ሜትር። ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ክር ውሰዱ፣ መሪውን አንዴ ዙሩበት፣ ክሩ የተገናኘበትን ምልክት አድርጋችሁ በማስመሪያ ለኩት። 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለተኛው ነው። ቁጥሩን ለእህታችሁ ላኩላት፣ የመሪውን ፎቶም ጨምሩበት፤ አንዳንዱ መሪ መሃሉ ላይ ስለሚጎብጥ ቦታ ላይኖረው ይችላል።

ክረምትን አለማሰብ

ሻጩ «ውሃ አያስገባም» ስላለ አትመኑ። ጨርቁ እውነትም ላያስገባ ይችላል፤ የሚያስገባው ዚፑና ስፌቱ ነው። ቤት ወስዳችሁ ውስጡ ሶፍት አስቀምጡና በጆግ ውሃ አፍስሱበት፤ ሶፍቱ ይነግራችኋል። አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ዓይነት ካገኛችሁ ለሐምሌና ለነሐሴ እሱን የሚያህል የለም።

የሽቦ ቅርጫት ከላይ ዝናብ እንደሚያስገባ ሁሉም ያውቃል። ከታች ጭቃ እንደሚያስገባ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከረፈደ ነው። የፊት ጎማው ፓራፋንጎ ከሌለው የመንገዱን ጭቃ እያነሳ በሽቦው መሃል ወደ ዳቦው ይረጨዋል። ፓራፋንጎ ግጠሙ። እስኪገኝ ድረስ የቅርጫቱን ወለል በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑት፤ የሽቦው ቀዳዳ ሰፋፊ ቢሆንም ትናንሽ ነገሮች አይሾልኩበትም።

ሳያስሩ መሄድ፣ ሳያነሱ መራቅ

ኮብልስቶን ላይ ከቅርጫት የማይዘል ነገር የለም። ከጎሚስታ ያረጀ ከመነዳሪ ለምናችሁ በረዥሙ ሰንጥቁት፤ ከሚሸጠው ገመድ በላይ ጨምድዶ የሚይዝ የጎማ ማሰሪያ ይወጣዋል። ቲማቲም ከላይ፣ ድንች ከታች፣ ማሰሪያው በመስቀለኛ።

ስልክን ክፍት ቅርጫት ውስጥ አታስቀምጡ። መብራት ላይ ስትቆሙ እጅ ለመስደድ ሰከንድ አይፈጅም። ሱቅ ስትገቡም ቦርሳውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ግቡ፣ በዚህ በኩል ቦርሳ ከቅርጫት ይሻላል።

ስታቆሙት ደግሞ አንድ ነገር አለ። ፊቱ የከበደ ብስክሌት በጎን መቆሚያው ላይ ሲቆም መሪው ይታጠፍና ይወድቃል፣ እንቁላል ካለ እንቁላሉ ሄደ ማለት ነው። ግድግዳ ወይም አጥር ፈልጉ፣ ወይም መጀመሪያ ዕቃውን አውርዱ።

አንዱን ብቻ መምረጥ ግዴታ ነው ብሎ ማሰብ

በደንብ የተደገፈ ቅርጫት ካላችሁ ውስጡ ልክ የሚገባ ባለ ክዳን ቦርሳ ወይም ዘንቢል አስቀምጡ። ቅርጫቱ ብስክሌቱ ላይ ይቀራል፣ ቦርሳው ከእናንተ ጋር ይገባል። ቅርጫቱ ክብደቱን ይይዛል፣ ቦርሳው ከዝናብና ከዓይን ይሸፍናል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉም የምለው ይህንኑ ነው። አንድ ከባድ ነገር አልፎ አልፎ የሚይዝ፣ በሌላው ቀን ስልክና ውሃ ብቻ የሚይዝ ሰው ግን ቅርጫት ውስጥ አይግባ። ትንሽ የፊት ቦርሳ ይግዛ፣ ለከባዱ ቀን የኋላ መጫኛ አለ።

የትኛውንም ብትገጥሙ ከጥቂት ቀን በኋላ ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ፣ አዲስ ዕቃ በንዝረት ይላላል። ቅርጫቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ወዝውዙት። ለብቻው የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መያዣውና መሪው መሃል የከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡና እንደገና አጥብቁት፤ መንሸራተቱም መጮሁም ያቆማል።