ቅጠል ብቻ የነበረው ቡገንቪላዬ እንዴት አበበ

ኮምቦልቻ፣ ግቢያችን አጥር ላይ ያለው ቡገንቪላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ነበር። ቁመቱ ቆርቆሮውን አልፏል። የጎረቤት ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀይ ለብሶ ይታያል፤ ያናድዳል።

መጀመሪያ ውሃ የጠማው መሰለኝና ማታ ማታ በጎማ አጠጣሁት። ባሰበት። ቀጥሎ የከብት ፍግ፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ዩሪያ ጨመርኩ። ጉድ ነው፣ በሦስት ሳምንት አንድ ሜትር የሚሆን ለስላሳ ቀንበጥ አወጣ። አበባ ግን ወፍ የለም።

ለካ ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ እሱ ደግሞ ቅጠል ያበዛል። ቡገንቪላ ደህና አድርጎ የሚያብበው ፀሐይ ሲጠግብና ትንሽ ሲጠማ ነው።

መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ረዣዥሞቹን ቅርንጫፎች አንድ ሦስተኛ ያህል በመቀስ ቆረጥኩ። አበባው የሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነዋ። እሾሁ አይምርም፣ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ማዳበሪያ አቆምኩ። ውሃም ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ሲሆን ብቻ።

ኅዳር ላይ ጫፉ ቀላ። በነገራችን ላይ ቀዩ አበባ አይደለም፣ ቀለም ያለው ቅጠል ነው፤ አበባዋ መሃል ላይ ያለችው ነጭ ትንሽዬ ናት።

ደሴ ያላችሁ ግን ለብርዱ ግድግዳ አስጠጉት። ውርጭ ከመታው ለጋው ቀንበጥ ይቃጠላል።