ልጄ አለርጂ እንዳይዘው ብሎ ምግብ መተው፦ ነፍሰ ጡሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮዬ ፈጬም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች አንዲት ሴት ማርገዟ እንደታወቀ ምክር ከሁለት ወገን ይዘንብባታል። አንዱ ከአማትና ከጎረቤት ነው፣ ሌላው ከስልክ። ሁለቱም መጨረሻቸው "ይህን አትብዪ" ነው። አማት ወተቱንና ተልባውን ታስቀራለች፤ ስልኩ ደግሞ ለውዙን፣ ሰሊጡንና እንቁላሉን። ምሳ ሲደርስ ሰሃኑ ላይ ምን እንደቀረ የሚጠይቅ የለም።

ለውዝና እንቁላል "ለልጁ አለርጂ ይሆናል" ብሎ ማቆም

ይህ ምክር ዝም ብሎ የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ ባለቤት ነበረው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2000 እ.ኤ.አ. በዘራቸው አለርጂ ያለባቸው እናቶች በእርግዝና ጊዜ ለውዝ ቢተዉ ይሻላል ብሎ ነበር። ለአለርጂ የተጋለጡት ልጆችም እንቁላል እስከ 2 ዓመት፣ ለውዝና ዓሣ እስከ 3 ዓመት እንዲቆያቸው መክሯል። ምክሩ ሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት ግን የለውዝ አለርጂ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አካዳሚው በ2008 አቋሙን ቀየረ። በ2019 ባወጣው ሪፖርትም እናት በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ ምግብ መተዋ ልጁን ከአለርጂ እንደሚያድን ማስረጃ የለም ሲል አጸናው። የተሻረው ምክር ግን ስልክ ላይ አልተሻረም፤ ዛሬም በአማርኛ እየተተረጎመ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

እዚህ አገር ላይ ጉዳቱ የሚከፋበት ምክንያት አለው። ብዙ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን እንደማታስገድድ እየሰሙም ይጾማሉ። በጾም ወቅት ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ቀድሞውኑ የለም። ሰሃኑን የሚደግፉት ምስርና ሽሮ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ተልባ ናቸው። እነዚህ ደግሞ የውጭዎቹ ዝርዝሮች "አደገኛ" ከሚሏቸው ውስጥ ናቸው። ጾሙ አንዱን ወገን፣ የአለርጂ ፍርሃቱ ሌላውን ወገን ካነሱት የሚቀረው እንጀራና በርበሬ ነው። በእኔ ግምት ለልጁ ከማንኛውም አለርጂ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ነው። የምትጾሙ ካላችሁ ጉዳዩን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ አብዛኞቹ ከምታስቡት በላይ ይረዳሉ።

አንድ ነገር ግን ይለይ፦ እናቲቱ ራሷ ለአንድ ምግብ አለርጂ ካለባት አትብላው። ይህ የሚመለከተው የእሷን ጤና ነው።

"ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል"

በዚህ ስም የሚከለከሉት ወተት፣ እርጎና ተልባ ናቸው፤ አንዳንዱ ጋ ሙዝም ይጨመራል። ሕፃኑ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት የእናቲቱ ምግብ ዝቃጭ አይደለም። ቆዳው ለወራት በእንሽርት ውሃ ውስጥ እንዳይጎዳ የሕፃኑ ገላ ራሱ የሚሠራው ነው። ከአማት ጋር መከራከሩ ግን ብዙም አይጠቅም። "እማዬ፣ ለክትትል ስሄድ አብረሽኝ ነይ" ብሎ ይዟት መሄድና ነርሷ እንድትነግራት ማድረግ ይሻላል።

ያልፈላ ወተት "አለርጂ ይከላከላል" ብሎ መጠጣት

ይህኛው ስህተት ከተማ ዳር የመኖር ውጤት ነው። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሰበታ በኩል ላም ያለው ጎረቤት አይጠፋም፤ ትኩስ ወተት በጆግ ይመጣል። በአውሮፓ በእርሻ ቤት ያደጉና ያልፈላ ወተት የጠጡ ልጆች አስምና የአበባ ብናኝ አለርጂ የሚያጠቃቸው ባነሰ መጠን መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያኑ ጥናቶች የሠሩት ሰዎች እንኳ ጥሬ ወተት ጠጡ አላሉም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ላይ የከብት ቲቢ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ያልፈላ ወተት ብሩሴላና ሊስቴሪያ የተባሉ ተህዋስያንንም ሊያመጣ ይችላል፤ ሁለቱም ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ወተቱን አፍሉትና ጠጡት። ቁርጥና ያልበሰለ ክትፎም እስክትገላገሉ ይቆይ።

ተልባ የዓሣ ዘይትን ይተካል ብሎ ማሰብ

በዴንማርክ የተሠራና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። 736 ነፍሰ ጡሮች ተሳትፈውበታል፤ ግማሾቹ ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ 2.4 ግራም የዓሣ ኦሜጋ 3 ወስደዋል። ከእነሱ ልጆች 17 በመቶ ያህሉ በአስም ወይም በማያቋርጥ የደረት ማፏጨት ሲያዙ፣ ዘይቱን ካልወሰዱት ልጆች 24 በመቶ ያህሉ ተይዘዋል። በችፌ ላይ ግን ልዩነት አላመጣም። የተልባ ኦሜጋ 3 ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጡት፤ ያንን ውጤት ግን ከእሱ አትጠብቁ። የባሰው ስህተት ከፋርማሲ የዓሣ ጉበት ዘይት ገዝቶ በራስ ፈቃድ መውሰድ ነው። ጉበት ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል፤ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ደግሞ ፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል።

ጭሱን መርሳት

ስለ ምግብ ስንጨነቅ ከሰሉ ታፍኖ ይጨሳል፣ ሲጋራውም አጠገብ ይለኮሳል። እርጉዝ አጠገብ የሚጨስ ሲጋራ ከልጁ የደረት ማፏጨት ጋር ያለው ግንኙነት ከየትኛውም ምግብ ይልቅ የተረጋገጠ ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ሲያጭስ ሳይሆን ሲፋፋም ማስገባት። ቡናው ሲፈላ መስኮት መክፈት።

ሁሉም ነገር በእርግዝና ይወሰናል ብሎ፣ ከወሊድ በኋላ ማዘግየት

የምግብ አለርጂን በተመለከተ ትልቁ ማስረጃ የተገኘው በእናቲቱ ሰሃን ላይ ሳይሆን በልጁ ማንኪያ ላይ ነው። በለንደን 640 ከፍተኛ ተጋላጭ ሕፃናት፣ ማለትም ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው፣ ከ4 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜያቸው በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለውዝ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ እንዲመገቡ ተደረገ፤ ግማሾቹ እስከ 5 ዓመት እንዳይቀምሱ። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ካልቀመሱት 17 በመቶ ያህሉ የለውዝ አለርጂ ይዟቸዋል፤ ከበሉት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ።

እኛ ጋ ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው 6 ወር ሲሞላ ነው። እንቁላሉ በደንብ ይብሰል። ለውዙ ልሞ ወይም የለውዝ ቅቤው በለብ ያለ ውሃ ቀጥኖ ገንፎው ውስጥ ይግባ። መጀመሪያ ቀን ጠዋት ላይ፣ ልጁ ጤነኛ ሲሆን፣ በማንኪያ ጫፍ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሳያቋርጡ። ሙሉ ፍሬ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ፣ ያንቃል። ሻጋታ የነካው ወይም የመረረ ለውዝ ይጣል፤ ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ለውዝ ለሕፃን ይከብዳል የምትል ጎረቤት ካለች፣ በጤና ጣቢያ ክፉኛ ለከሱ ልጆች ከ6 ወር ጀምሮ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት በዋነኛነት ከለውዝ የሚሠራ መሆኑን ንገሯት። ልጁ ከባድ ችፌ ካለበት ግን ለውዝ ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

ሽፍታ ባዩ ቁጥር አንድ ምግብ መሰረዝ

አራስ ልጅ ፊቱ ላይ ሽፍ ይልበታል፤ አብዛኛው ሙቀት ወይም በራሱ የሚጠፋ የአራስ ሽፍታ ነው። እናት ግን ሽሮውን ትተዋለች፣ ቀጥሎ ምስሩን፣ ቀጥሎ ወተቱን። የደም ምርመራ ወረቀት ይዘው የሚመጡም አሉ። ምርመራው ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ልጁ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም፤ ምግቡን እየበላ ምንም የማይሆን ልጅ ላይም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሙን የሚረዳው ሌላ ነው፦ ምን በላ፣ ምን ያህል፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ታየበት። ሽፍታው ሳይጠፋ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ፎቶው ይቅር፤ ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና ይዛችሁት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሩጡ።