ምስጢር ሳታወጡ ስለ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አስተያየት ለመጻፍ

«ከእጄ ሳላስቀምጥ ጨረስኩት» የሚል አስተያየት መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ምንም አይነግረውም። የልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አስተያየት የሚጠቅመው ውጥረቱ በምን እንደተሠራና የት ላይ እንደላላ ሲያሳይ ነው፤ ያውም መጨረሻውን ሳያወጣ። ሥራው ገና ሲነበብ ይጀምራል።

እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። ሁለት ዓይነት ምልክት ይበቃል፦ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁበት ቦታ ላይ አንድ፣ ዘላችሁ ማለፍ ያሰኛችሁ ቦታ ላይ ሌላ። የመጽሐፉ ሲሶ ላይ ስትደርሱ ማንን እንደጠረጠራችሁና ለምን እንደሆነ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሁለት ሦስተኛው ላይ ድገሙት። ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ግምት አይታመንም፤ መልሱን ያወቀ ሰው ቀድሞም የጠረጠረ ይመስለዋልና። ስትጨርሱ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች እንደገና አንብቡ። ደራሲው ፍንጩን ቀድሞ ጥሎት ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። እዚያም በኋላም ከታጣ መፍትሔው ከሰማይ የወረደ ነው፤ ይህን ሳትሸሽጉ ጻፉ።

ርእሱን፣ ደራሲውን፣ አሳታሚውንና የታተመበትን ዓመት አስቀድሙ፤ ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩት። የትርጉም ሥራ ከሆነ የተርጓሚው ስም አይቅር። ታሪኩን ግን እስከ መጀመሪያው ሩብ ድረስ ብቻ ተናገሩ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ብንወስድ፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይሄዳል፤ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች፤ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር ይገናኛል። እዚህ ላይ ማቆም ነው። ለዘመቻው፣ ለእጮኛው ወይስ ለአዲሱ ፍቅር ይታመናል የሚለው ጥያቄ በቂ ጉጉት ይፈጥራል።

ስለ «ኦሮማይ» ሲጻፍ ሌላም ወጥመድ አለ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡ፣ ደራሲው ከሥራው መባረሩና በ1976 ዓ.ም. ደብዛው መጥፋቱ ልብ የሚሰብር እውነት ስለሆነ ጽሑፉን ሁሉ ይወስደዋል። ለእሱ አንድ አንቀጽ ስጡና የቀረውን ለልቦለዱ ተዉት፤ በዓሉ እንደ ደራሲ መነበብ ይገባዋል።

የአስተያየቱ ዋና ክፍል አንድ ትዕይንት መፍታት ነው። ምልክት ካደረጋችሁባቸው ገጾች ከመጽሐፉ እኩሌታ በፊት ያለውን ምረጡና ከአንባቢውና ከገጸ ባሕርዩ ማን ይበልጥ እንደሚያውቅ ጠይቁ። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ቦምብ ያስረዳ ነበር። ማንም ሳያውቅ ቢፈነዳ ተመልካች ለ15 ሴኮንድ ይደነግጣል፤ ተመልካቹ እያወቀ ሰዎቹ ሳያውቁ ከተቀመጡ ግን ተራ ወሬያቸው እንኳ ለ15 ደቂቃ ያስጨንቃል። የመረጣችሁት ትዕይንት ከሁለቱ የትኛው ነው? ደራሲው ምኑን አዘገየው፣ ምዕራፉንስ የት ላይ ቆረጠው? ምዕራፍ ሁሉ በተኩስ ወይም በበር መንኳኳት ካለቀ አንባቢ ውሎ አድሮ መደንገጡን ይተዋል። ይህን ካያችሁ ከነምዕራፍ ቁጥሩ ጥቀሱ።

አማርኛችን ራሱ ምስጢር ያወጣል። «ገዳይዋ እስከ መጨረሻው አትታወቅም» ያለ ሰው ወንድ ተጠርጣሪዎችን በሙሉ በአንድ ቃል ነፃ ለቀቃቸው። «ግድያው በማን እጅ እንደተፈጸመ አይታወቅም» ቢል ምንም አይጎድልበትም። ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ መጽሐፍ ላይም ይህንኑ መርምሩ፤ እዚያ ጾታው ሳይለይ የቆየው ሰው እዚህ «ገባ» ወይም «ገባች» መባሉ አይቀርም፣ ተርጓሚው እንዴት እንደተወጣው መናገር ጥሩ አስተያየት ይሆናል። «ፈጽሞ የማትጠብቁት መጨረሻ አለው» የሚለውንም ተዉት። ያን የሰማ አንባቢ ደጉን ሰው ሁሉ ሲጠረጥር መጽሐፉ ያልቅበታል።

መጨረሻው ሳይገለጥ ሊመዘን ይችላል። መፍትሔው የመጣው ከገጸ ባሕርዩ ውሳኔ ነው ወይስ ከአጋጣሚ? አጋጣሚ ሰውን ችግር ውስጥ ቢከት ያስኬዳል፤ ከችግር ካወጣው ግን ውጥረቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ግምታችሁ ስቶ ከነበረም ያሳታችሁ በገጹ ላይ የነበረ ፍንጭ ይሁን ደራሲው የደበቀባችሁ መረጃ፣ ያን ለዩ። የመጀመሪያው ችሎታ ነው፤ ሁለተኛው በአንባቢ ላይ የተሠራ በደል ነው።

ስለ መጨረሻው በግልጽ መወያየት የግድ ከሆነ፣ ቴሌግራም ላይ ያን ክፍል ብቻ መርጣችሁ መሸፈን ትችላላችሁ፤ አንባቢው ካልነካው አይነበብም። ፌስቡክ ላይ ማስጠንቀቂያውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉና ምስጢሩን ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ። የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ የምትለጥፉ ከሆነም ከጎን ያለውን ገጽ ቆርጣችሁ አውጡት።