ሦስት ሞደም ከቆጥ ወረደ፦ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ፒያሳ ካለው ቤታችን ቆጥ ላይ አንድ ካርቶን አወረደና «ጋሼ፣ ከነዚህ ፈጣኑ የቱ ነው?» አለኝ። አቧራውን ስናራግፍ ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኙ ሦስት ሞደሞች ወጡ፦ አንድ ዩኤስ ሮቦቲክስ ኩሪየር፣ አንድ ዙም እና አንድ ሄይስ አኩራ። ሽቦዎቻቸው እንደ አንጀት ተጠላልፈዋል።

ጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ሲገባ እኛም እርስ በርስ ይህንኑ ነበር የምንጠያየቀው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር አይተን እንፈርዳለን። ብዙ ጊዜ ተሸውደናል። እንዲህ ያለ አሮጌ እቃ እጃችሁ ከገባ እኔ የማወዳድርበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ፍጥነቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ አዳፕተሩን እዩ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ከሆነ አዳፕተሩ የ120 ቮልት ነው፣ የኛ ሶኬት ደግሞ 220። እኔ ድሮ አንዱን ሳላነብ ሰክቼ ሽታው ቤቱን ሲሞላው እናቴ ወጡ ያረረ መስሏት ወደ ማድ ቤት ሮጣለች። ሌላም ጣጣ አለ። ኩሪየር ከአዳፕተሩ የሚፈልገው ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለሁሉም ይሆናል እየተባለ የሚሸጠው አዳፕተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ነው የሚያወጣው። ሶኪው ገጠመ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሞደሙ ሥር የተጻፈውን አንብቡ።

ቀጥሎ ስሙን ትታችሁ የሚናገረውን «ቋንቋ»፣ ማለትም ሞደም ሠሪዎች የተስማሙበትን ደረጃ፣ ፈልጉ። ቪ.32 ቢስ ካለ 14,400 ቢት በሰከንድ ነው። ቪ.34 ካለ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ 28,800 ነበር፣ በኋላ 33,600 ደርሷል። ቪ.90 ካለ የ1998ቱ 56 ሺህ ነው። ሁለት ሞደም ሲገናኙ የሚስማሙት ሁለቱም በሚያውቁት ቋንቋ ነው፣ ፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ይወርዳል።

ከነዚህ ደረጃዎች በፊት የነበረው ዘመን ግን ጉድ ነው፤ ያኔ ፈጣን የሚባል ሞደም ሁሉ የራሱን ቋንቋ ይዞ ነበር የሚመጣው፣ ስለዚህ የአንዱ ድርጅት ሞደም ከሌላው ጋር ሲገናኝ ፍጥነቱ ሁሉ ጠፍቶ 2,400 ላይ መንፏቀቅ ነው። ኤችኤስቲ የሚባለው የሮቦቲክስ ቋንቋ በአንድ አቅጣጫ 9,600 ይልካል፣ በመልሱ አቅጣጫ 300 ብቻ። ፋይል ለሚያወርድ ሰው ምንም አይልም። ሄይስም የራሱ ነበረው፣ እንደ ፒንግ ፖንግ ተራ በተራ የሚላላክ።

ለእኔ ግን የዚያ ዘመን ጀግና ቴሌቢት ትሬይልብሌዘር ነው። የስልክ መስመሩን እስከ 511 ቀጫጭን ቻናሎች ይሸነሽነዋል፣ ጫጫታ ያለባቸውን ይተውና ሥራውን ለቀሩት ያከፋፍላል። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ውስጥ ለውስጥ እንደሚያሾልክ የታክሲ ሹፌር ማለት ነው። ክረምት ላይ ሽር ሽር የሚል መስመር ላለው ሰው የተሠራ ይመስላል። ጉድለቱ፣ ከመላክ ወደ መቀበል ሲዞር ይዘገያል፤ እየጻፉ ለመነጋገር ያበሽቃል። ፋይል ጭኖ ለመላክ ግን አንደኛ።

56 ሺህ የሚል ስታዩ ደግሞ ረጋ በሉ። መጀመሪያ ላይ ሮቦቲክስ ኤክስ2፣ ቺፕ ሠሪዎቹ ሮክዌልና ሉሰንት ደግሞ ኬ56ፍሌክስ ብለው ተለያይተው ነበር፣ እነዚህ ሁለቱ አይግባቡም። ያ ፍጥነት የሚገኘውም በማውረድ ብቻ ነው፣ ያውም ወዲያ ማዶ ያለው ጫፍ (ኢንተርኔት የሚሰጠው ድርጅት) ከስልኩ መረብ ጋር በዲጂታል መስመር ከተገናኘ። ሁለት የቤት ሞደም ብታገናኙ ጣሪያው 33,600 ነው፣ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል።

አሁን ክዳኑን ክፈቱ። ዙሙንና ሄይሱን ስንከፍት ሁለቱም ውስጥ የሮክዌል ቺፕ ተቀምጧል። ልጁ ሳቀ። ስሙ ሁለት፣ ሆዱ አንድ! ኩሪየሩ ግን የራሱ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ ዊንሞደም ከሆነ ያገኛችሁት ደግሞ ተዉት፤ ሥራውን የሚያሠራው ኮምፒውተሩን ነው፣ ድራይቨሩ (የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ከሌለ ደግሞ ከነጭራሹ አይነሳም።

ወደ ሙከራው እንሂድ። የስልክ መስመር አያስፈልግም። ሁለት ኮምፒውተር፣ ሞደሙን ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ ሁለት የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያ እና አንድ ተራ የስልክ ገመድ ይበቃል። ገመዱን ከአንዱ ሞደም ወደ ሌላው በቀጥታ ሰኩ። ፋይል መላክ የሚችል እንደ ቴራ ተርም ያለ ፕሮግራም ክፈቱ፣ የፖርቱን ፍጥነት 115,200፣ ሞደሙ ኮምፒውተሩን «ቆይ» የሚልበትን ፍሎ ኮንትሮል ደግሞ አርቲኤስ ሲቲኤስ አድርጉ። ይህችን ከረሳችሁ ባይቶች ይንጠባጠባሉ፣ ጥፋቱንም በሞደሙ ታላክካላችሁ። በአሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ የምትሠሩት የሲሪያል ፖርቱ ቺፕ 16550 መሆኑን እዩ፤ የቀድሞዎቹ አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዙ ፈጣን ሞደም ያንቃቸዋል።

ከዚያ በአንዱ ላይ በላቲን ፊደል ኤቲ ኤክስ3 ዲ ጻፉ፣ በሌላው ላይ ኤቲ ኤ። የመጀመሪያው የመስመር ድምፅ ሳትጠብቅ ጀምር ማለት ነው፣ ሁለተኛው ስልኩን አንሳ። ያቺ የምታውቋት ጩኸት ትመጣለች። አንዳንዱ ሞደም መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ካላገኘ አይነቃም፣ ለሱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከ300 ኦም ሬዚስተር ጋር በአንዱ ሽቦ መሃል ማስገባት ነው።

የምትልኩት ፋይል ዚፕ የተደረገ ይሁን። ሞደሞቹ ውስጥ ያለው ቪ.42ቢስ የሚባል መጭመቂያ ጽሑፍን እየጨመቀ ስለሚልክ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሞደሙን ካለው በላይ ፈጣን ያስመስለዋል። 1 ሜጋባይት በ33,600 አራት ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል፣ በ14,400 ወደ አሥር ደቂቃ። ሦስቴ ላኩና ሰዓቱን ጻፉ።

በአጭሩ አዲስ ገመድ ሦስቱም እኩል ወጡ፣ 33,600። ልጁ ቅር አለው። «ቆይ» አልኩትና ገመዱን በቤቱ አሮጌ ሽቦ አሳለፍነው፤ ወንድሜ ድሮ በእጁ ጠምዝዞ በስኮች የጠቀለላት መገጣጠሚያ እስከ ዛሬ አለች፣ አረንጓዴ ዝገት አውጥታለች። ዙምና ሄይስ ሲገናኙ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተቆረጠ። ሄይሱን በኩሪየር ስንተካው ግን ወደ 26,400 ወረደና እዚያው ቆየ፣ ፋይሉም አለቀ። ኤቲ አይ6 ብላችሁ ኩሪየሩን ብትጠይቁት ስንት ጊዜ ስህተት አግኝቶ እንዳስደገመ ይነግራችኋል። ያን ቁጥር ከፍጥነቱ ጎን ጻፉት፤ እኔ ሞደም የምመርጠው በሱ ነው።

ልጁ በመጨረሻ ዙሙን መረጠ፣ መብራቱ ያምራል ብሎ። ይዞት ሄዷል። አዳፕተሩ ግን 120 ስለሚል እኔው ጋ ቀርቷል።