ሰማያዊው አልጠፋ ሲል፦ የክሎሮፕላስት ሙከራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከስፒናች ቅጠል (ከጠፋ ቆስጣም ይሠራል) ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ የሴል ክፍል) አውጥታችሁ ዲሲፒአይፒ የሚባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ ጨምራችሁ ብርሃን ታበሩበታላችሁ። ክሎሮፕላስቱ ከውሃ የሚያወጣውን ኤሌክትሮን ዲሲፒአይፒው ይቀበልና ቀለሙን ያጣል። አምፖሉን እያቀረባችሁና እያራቃችሁ ቀለሙ የሚጠፋበትን ፍጥነት ትለካላችሁ፤ ለማነጻጸሪያም አንዱን ቱቦ ብርሃን እንዳይገባው በፎይል ትጠቀልላላችሁ፣ በሌላው ደግሞ የተቀቀለ ክሎሮፕላስት ትከታላችሁ። ሙከራው እንግሊዛዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ሂል እ.ኤ.አ. በ1937 ካሳየው የመጣ ነው። ሲጻፍ ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፣ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የብርሃኑ አይደለም።

በፎይል የጠቀለላችሁት ቱቦም ቀለሙ ከጠፋ

መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው። ፎይሉ ክፍተት እንዳለው እዩ። ከሌለውና ቀለሙ ጠብ እንዳደረጋችሁት ወዲያው ከጠፋ፣ ጥፋተኛው የቅጠሉ ጭማቂ ነው፤ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ያለ ምንም ብርሃን ዲሲፒአይፒን ያጠፋዋል። በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሩት፣ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ድፉት፣ አረንጓዴውን ዝቃጭ በአዲስ ቀዝቃዛ በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ) በጥብጡት። ቀለሙ ሮዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ፈሳሹ አሲድ ሆኗል፣ የበፈሩን ፒኤች ወደ 7 አካባቢ መልሱት።

ብርሃን ላይ ቆይቶም ሰማያዊ ከሆነ

ወይ ቀለሙ በዝቷል፣ ወይ ክሎሮፕላስቱ ሞቷል። ለመለየት ቀለሙን በግማሽ ቀንሳችሁ ድገሙት። አሁንም ከተቀቀለው ቱቦ ምንም ካልተለየ አበቃለት፣ እንደ አዲስ አውጡ። የሚገድለው ሙቀት ነው። በፈሩን፣ ሙቀጫውን፣ ማጥለያውን፣ ሁሉንም ቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ብሌንደር ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ እያቆማችሁ ፍጩ፤ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ራሱ ያሞቀዋል። ከዚያ በረዶ ላይ ይቀመጥ፣ በዚያው ቀንም ተጠቅማችሁ ጨርሱት።

ቅርብም ሩቅም ውጤቱ አንድ ከሆነ

ብርሃኑ ከበቂ በላይ ሆኗል፣ ክሎሮፕላስቱ ከዚህ በላይ መፍጠን አይችልም። አምፖሉን አርቁት። ርቀቱን ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 40 ስታደርጉት ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፣ ስለዚህ ብዙ ነጥብ የሚያስፈልጋችሁ በሩቁ በኩል ነው። መጋረጃውንም ዝጉ፣ የመስኮቱ ብርሃን አምፖላችሁን ሊያስንቅ ይችላል።

አምፖሉ ሲቀርብ ፍጥነቱ ከቀነሰ

ቱቦው ውስጥ ቴርሞሜትር ክተቱ። ሙቀቱ ከወጣ የምትለኩት ብርሃንን ብቻ አይደለም። ውሃ የሞላ ጠፍጣፋ ብርጭቆ በአምፖሉና በቱቦው መሃል አቁሙ፣ ወይም ኤልኢዲ ተጠቀሙ። ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ በየንባቡ ላክስ ሜትር (የብርሃን መለኪያ) ብታዩ ይሻላል፣ ርቀቱ ያው ሆኖ ብርሃኑ ሊለያይ ይችላልና።

ሲደገም ውጤቱ አልገጥም ካለ

አንዱ ምክንያት ክሎሮፕላስቱ ወደ ታች መዝቀጡ ነው፤ ከዕቃው ከመውሰዳችሁ በፊት ክዳኑን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ በመገልበጥ አደባልቁት። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ክሎሮፕላስቱ በረዶ ላይም ቢሆን ቀስ በቀስ ይደክማል። ሁሌ ከቅርቡ ጀምራችሁ በሩቁ የምትጨርሱ ከሆነ ግራፉ እጅግ ያምራል፣ ግን ግማሹ የብርሃን ሳይሆን የድካም ውጤት ሊሆን ይችላል። ርቀቶቹን በዕጣ አፈራርቁ፣ መጨረሻ ላይም የመጀመሪያውን ርቀት አንዴ ድገሙት። ከበፊቱ በጣም ከዘገየ ያን ዙር ጣሉት።

በዓይን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ነጭ እስኪሆን አትጠብቁ። ሲያልቅ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ዲሲፒአይፒ የሌለበት ክሎሮፕላስት በአንድ ቱቦ አጠገቡ አቁሙና ቀለማቸው ሲገጥም ሰዓቱን አቁሙ።