በስልክና በ100 ዶላር የሚሠራ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቪዲዮ

የመጀመሪያው ቪዲዮ «ስለ ቢሯችን» መሆን የለበትም። ቢሮውን የማያውቅ ሰው የተመሠረተበት ዓመት አያሳስበውም፤ የሚፈልገው እንቅልፍ ለነሳው ጥያቄ መልስ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አማርኛ ተናጋሪ ደንበኞች ያሉት የኢሚግሬሽን ቢሮ ከሆነ ጥያቄዎቹን በሙሉ የሚያውቃቸው ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው። ስለዚህ ካሜራ ከመፈለግዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ስልኩ አጠገብ አንድ ወረቀት ያስቀምጡ። ደዋዩ የጠየቀውን በራሱ አነጋገር ይጻፉት፤ ስሙንና የግል ታሪኩን ግን አይጻፉ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ አምስት ስድስት ጊዜ የተደጋገመ ጥያቄ አይጠፋም።

ከእነዚያ ውስጥ የሚመረጠው መልሱ ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ፣ በ90 ሰከንድ የሚያልቅና ቶሎ ቶሎ የማይለወጥ ነው። «ጉዳዬ ያልፋል ወይ?» የሚለው ይውጣ፤ በካሜራ ፊት ሊመለስ አይችልም። የማመልከቻ ክፍያም ይውጣ፤ ዋጋው በተለወጠ ማግስት ቪዲዮው ሰው ያሳስታል። «አሳይለም ስንት ጊዜ ውስጥ ነው የሚገባው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለመጨረሻ ጊዜ አሜሪካ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። ሆኖም ልዩ ሁኔታዎቹ በዝተው ቪዲዮውን ያረዝሙታል፣ ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ይቆይ። ለመጀመሪያ የሚመቸው «ቤት ቀየርኩ፣ ለማን ነው የማሳውቀው?» የሚለው ነው። አጭር ነው፣ ለማንም ተስፋ አይሰጥም፣ ያላወቀውን ሰው ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል።

ጽሑፉ ይህን ይመስላል (ዩኤስሲአይኤስ የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን የሚያየው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው)፦

«ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻዎን ለማን ነው የሚያሳውቁት? ጉዳይዎ ያለው ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከሆነ፣ ኢኦአይአር 33 የሚባለውን ፎርም በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ያስገባሉ። አንድ ኮፒ ደግሞ ለመንግሥት ጠበቃ ይደርሳል። ጉዳይዎ ዩኤስሲአይኤስ ዘንድ ከሆነ ፎርሙ ኤአር 11 ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል። ጉዳይዎ ፍርድ ቤት ሆኖ ወርክ ፐርሚት ከዩኤስሲአይኤስ የሚጠብቁ ከሆነ ሁለቱንም ይሙሉ። ለአንዱ ስለነገሩ ሌላው አያውቅም። ፖስታ ቤት ሄዶ አድራሻ ማስቀየርም አይበቃም። የቀጠሮ ወረቀቱ ወደ ድሮው ቤት ሄዶ እርስዎ ሳይቀርቡ ቢቀሩ፣ ዳኛው በሌሉበት ከአገር እንዲወጡ ሊወስን ይችላል። ጉዳይዎ የት እንዳለ ካላወቁ የመጨረሻውን ወረቀት ይዘው ይደውሉልን። ይህ አጠቃላይ መረጃ ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ የተሰጠ ምክር አይደለም።»

ከ90 ቃል ጥቂት ይበልጣል፤ ረጋ ተብሎ ሲነገር ከደቂቃ ብዙም አይርቅም። ሰላምታው ከፊት የለም። «የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ሲባል 15 ሰከንድ ያልቃል፣ ተመልካቹም ያልፋል። ጥያቄው ይቅደም፤ ስምና ሰላምታ ከዚያ በኋላ በአንድ አረፍተ ነገር ይግቡ። ተመልካቹን «እርስዎ» ማለት አክብሮት ብቻ አይደለም፣ «አንተ ወይስ አንቺ» ከሚል ጣጣም ይገላግላል። ቃላቱ ደንበኛው ስልክ ላይ የሚላቸው ይሁኑ። ወርክ ፐርሚት የሚል ሰው «የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሰነድ» ሲባል ስለ ሌላ ነገር የሚወራ ይመስለዋል።

ቀንና ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። የጊዜ ገደብ የሚነካ ነገር በኢትዮጵያ ወር ስም አይነገር፤ «መስከረም» ያለውን አንዱ ከሴፕቴምበር 1፣ ሌላው ከሴፕቴምበር 11 ይቆጥረዋል። የቢሮ ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» ያለውን የሰማ ሰው ጠዋት 9 ይሁን ከሰዓት በኋላ 3 አያውቅም፤ ስክሪኑ ላይ «ከጠዋቱ 9፡00 በአሜሪካ ሰዓት» ብለው ይጻፉት።

የጥብቅና ደንቡ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 የአሪዞናን ጉዳይ አይቶ ጠበቆች ማስታወቂያ እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ክርክሩ ምን ማለት ይቻላል የሚለው ላይ ነው። አብዛኞቹ ግዛቶች መነሻ ያደረጉት የአሜሪካ ባር (የጠበቆች) ማኅበር ሞዴል ደንብ በ7.1 ውሸትንም አሳሳች አነጋገርንም ይከለክላል። አሳሳች የሚባለው ውሸቱ ብቻ አይደለም። «ይህን ያህል ሰው ግሪን ካርድ አስገኝተናል» የሚለው እውነት ቢሆን እንኳ ተመልካቹ «የእኔም እንደዚያው ይሆናል» ብሎ እንዲጠብቅ ካደረገው ችግር ነው። ስለዚህ «መቶ በመቶ»፣ «አንደኛ»፣ «ከእኛ ጋር የሚባረር የለም» የሚሉት ከጽሑፉ ይሰረዙ። «ሰርቲፋይድ ስፔሻሊስት» ደግሞ በትክክል የምስክር ወረቀቱ ላለው ብቻ ነው።

ለማስታወቂያው ኃላፊ የሆነው ጠበቃ ወይም ድርጅት ስምና አድራሻ መጨረሻው ላይ ለ5 ሰከንድ ያህል ይቁም። የኢሚግሬሽን ሕግ ፌዴራል ስለሆነ በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቨርጂኒያ ተቀምጦ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ ፈቃዱ የየት እንደሆነና ሥራው በፌዴራል ኢሚግሬሽን ጉዳይ የተወሰነ መሆኑ ይጻፍ። ይህች መስመር ፈቃድ ሳይኖራቸው ፎርም ከሚሞሉ «ጉዳይ ጨራሾች» ስለምትለይ ቢሮውንም ትጠቅማለች። ኒው ዮርክ «አተርኒ አድቨርታይዚንግ» የሚል ምልክት የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉት፤ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ደግሞ ማስታወቂያው ለግዛቱ የጠበቆች ማኅበር እንዲቀርብ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። ጠበቃው ፈቃድ ያወጣበትን ግዛት ደንብ ራሱ ከፍቶ ያንብብ፤ ይህ ለቪዲዮ ሠሪው የሚተው ሥራ አይደለም።

ብዙ ቢሮ ውስጥ ጠበቃው አማርኛ አይናገርም፣ የሚናገሩት ረዳቷ ናቸው። በቪዲዮ መቅረባቸው ችግር የለውም፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች «እኔ የጠበቃው ረዳት ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም» ይበሉ፣ ስማቸው ሥርም ይጻፍ። ጽሑፉን ደግሞ ጠበቃው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞለት አንብቦ ይፈርምበት።

የደንበኛ ምስክርነት በመጀመሪያው ቪዲዮ ባይኖር ይሻላል። አሳይለም ያገኘ ሰው ፊት ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹም አብረው ይወጣሉ፤ ደስታው ላይ ሆኖ የፈቀደውን ከወር በኋላ ሊጸጸትበት ይችላል።

ዕቃው

ባለ ሽቦ የኮሌታ ማይክ ከ20 እስከ 25 ዶላር፣ ስልክ የሚይዝ ትራይፖድ 30 ገደማ፣ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት 35 ገደማ፣ ማይኩን ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር 10። የአንድና የሁለት ዶላር ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ነጭ ፎም ቦርድ ይጨመር። ገንዘቡ ካልበቃ መብራቱ ይቅር፣ ማይኩ ግን አይቅር። ምስሉ ደብዘዝ ያለ ቪዲዮ ይታያል፤ ድምፁ የሚያስተጋባ ግን በአምስተኛው ሰከንድ ይዘጋል።

ማይኩ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰካ። ነጠላ፣ ሐርማ ስካርፍና የአንገት ሐብል ሲነኩት የሚሰማው ኮሽታ ኋላ በኤዲት አይጠፋም። ክፍሉ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ይሁን፤ ባዶ የስብሰባ ክፍል ድምፅን እንደ ጉድጓድ ይመልሳል። ኤሲውንና ፍሪጁን ያጥፉ። ፍሪጁን መልሶ ማብራት እንዳይረሳ የመኪናዎን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጡ። መጀመሪያ 20 ሰከንድ ቀድተው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። አዳፕተሩ ካልሠራ ስልኩ ምንም ሳይናገር በራሱ ማይክ ይቀዳል፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት የሚባክነውም በዚህ ነው። ለማረጋገጥ የኮሌታውን ማይክ በጥፍርዎ ቧጨር ያድርጉት፤ ቀረጻው ላይ ጎልቶ ካልተሰማ የሚቀዳው እሱ አይደለም።

ከመብራት በኩል መስኮት ይበቃል። ተናጋሪው ከመስኮቱ ጎን በ45 ዲግሪ ይቀመጥ፤ መስኮቱ ከኋላው ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። የጣሪያው ፍሎረሰንት ይጥፋ፣ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ፊትን አረንጓዴ ያደርጋል። ፎም ቦርዱ ከመስኮቱ ትይዩ ቆሞ ብርሃኑን ወደ ጥላው ጉንጭ ይመልስ።

በስልክ ካሜራ የእኛን ፊት ስንቀርጽ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ነጭ ግድግዳ ካለ ወይም ተናጋሪው ነጭ ሸሚዝ ወይም የሐበሻ ልብስ ከለበሰ፣ ስልኩ ነጩን ለመቆጣጠር ሲል ሁሉን ያጨልምና የፊት ቀለም ይሞታል። መፍትሔው ሦስት ነው፦ ጀርባው ሞቅ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ይሁን፤ ሸሚዙ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭነው በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፣ ከዚያ ጣትዎን ወደ ላይ ጎተት አድርገው ፊቱ እስኪፈካ ያብሩት። ካልቆለፉት እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይበራል ይጠፋል። መነጽር ካንጸባረቀ መብራቱን ከፍ ያድርጉት።

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፣ በኋላው ካሜራ በ1080ፒ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቅረጹ፤ ኤችዲአር ይጥፋ፣ ኤዲት ላይ ቀለሙን ያዛባል። በተመሳሳይ መንገድ አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀረጽ ነገር ካለ 25 ፍሬም ይሁን፤ እዚያ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ሲቀረጽ ሊርገበገብ ይችላል። ሌንሱ ከዓይን ጋር እኩል ይቁም፤ ሰፊው ሌንስ አፍንጫ ያሳብጣልና አይጠቀሙበት።

ቀረጻውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ፎቶ አንስተው እያሳደጉ ጥግ ጥጉን ይመርምሩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ፋይል፣ የፖስታ ጀርባ፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ስም ወይም ኤ ነምበር (የኢሚግሬሽን ፋይል መለያ ቁጥር) ሁሉ ይነበባል። ይህ ከአማተርነት አልፎ የደንበኛ ምስጢር ማውጣት ነው።

ተናጋሪው ጽሑፉን በቃሉ አያጥና፣ ከወረቀትም አያንብብ። አንድ አረፍተ ነገር አይቶ ቀና ብሎ ይናገረው፣ ለሁለት ሰከንድ ዝም ይበል፣ ወደሚቀጥለው ይለፍ። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይባል። ዝምታው ኤዲተሩ የሚቆርጥበት ቦታ ነው።

ኤዲትና ማውጣት

ካፕካት ወይም ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃል። ኤዲተሩ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከሆነ በቴሌግራም ሲልኩለት «እንደ ፋይል» ይላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል። ድምፁ ሲናገሩ ከማይነስ 12 እስከ ማይነስ 6 ዴሲቤል ይድረስ። ሙዚቃ ከፈለጉ ከዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ ይውሰዱ፤ የታወቀ ዘፈን ቢገባበት ባለመብቱ ሊያስዘጋው ይችላል። በእኛ እምነት ለ90 ሰከንድ ሙዚቃ አያስፈልግም።

የአማርኛውን ሰብታይትል በእጅዎ ይጻፉት፤ ብዙ ሰው ሥራ ቦታ ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው። ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሁን፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፊደሉን የማያውቅ ፎንት ከተመረጠ በቃሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ከሁለት መስመር አይብለጥ። ለቲክቶክና ለሾርትስ በቁሙ 1080 በ1920 ሲያወጡት ጽሑፉን ከታችኛው ሩብ ከፍ ያድርጉት፤ ቁልፎቹ ይሸፍኑታል።

ርዕሱ ጥያቄው ራሱ ይሁን፤ ብዙ ሰው በላቲን ፊደልም ስለሚፈልግ የፎርሞቹ ስም በእንግሊዝኛ ይጨመርበት። ስልክ ቁጥሩ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከሰዓት ውጭ የሚቀበለው መልእክት ማስቀመጫም በአማርኛ ይናገር።

አስተያየት መስጫው ላይ ሰዎች ኤ ነምበራቸውን፣ የቀጠሮ ቀናቸውን፣ ሙሉ ታሪካቸውን ይጽፋሉ። አስተያየቶች ታይተው እንዲወጡ ያስተካክሉት፣ ከላይ ደግሞ «እባክዎ የግል ጉዳይዎን እዚህ አይጻፉ፣ ይደውሉ» የሚል ይለጠፍ። ለአንዱ እዚያው መልስ ከተሰጠ ጠበቃው ያልፈለገው የደንበኝነት ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል።

ስንት ሰው እንዳየው ከመቁጠር ይልቅ የስልክ መዝገቡ ላይ «የት ሰሙን?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨምሩ። የተቀረጸበት ወርና ዓመት መግለጫው ላይ ይጻፍ፣ በየሦስት ወሩም አንድ ሰው የፎርሞቹን ቁጥርና የጊዜ ገደቡን ከመንግሥት ድረ ገጽ ጋር ያመሳክር። የተለወጠ ነገር ካለ መግለጫውን ማረም አይበቃም፤ ቪዲዮው ይውረድና እንደገና ይቀረጽ። ጽሑፉ ከተቀመጠና ትራይፖዱ የቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ከተመለከተ ግማሽ ቀን አይፈጅም።