«የጸጥታው ምክር ቤት ወሰነ» ሲባል ዜናውን እንዴት እናንብበው?

መስከረም 2014 የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ህዳሴ ግድብ መግለጫ ሲያወጣ፣ የምሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ ስልክ ፋታ አጣ። አንዱ ደዋይ «ተፈረደብን» ይላል፤ ሌላው «አሸነፍን» ይላል። የወጣው ግን ፍርድ አልነበረም። ሦስቱ አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ፣ በአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ጋባዥነት ወደ ድርድር እንዲመለሱ የሚያበረታታ መግለጫ ነው። ሌሎች የድንበር ተሻጋሪ ውሃ ክርክሮችን በተመለከተ መርህም ሆነ አርአያ እንደማይሆን እዚያው ላይ ተጽፏል።

ሰው ባልተጻፈ ነገር ሲደነግጥ ወይም ሲጨፍር ማየት ያመኛል። እንዲህ ያለ ዜና በእንጀራና በነዳጅ ዋጋ፣ በልጆች መዝመትና አለመዝመት ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ የዓለም ዜና ሳዘጋጅ፣ ዜናውን አየር ላይ ከማዋሌ በፊት የማያቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የተናገረውን አካል ለዩ። «ተመድ አወገዘ» የሚል ርዕስ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዋና ጸሐፊው ነው? ቃል አቀባዩ? ጠቅላላ ጉባኤው? ዋና ጸሐፊው ስጋቱን ይገልጻል፣ ይማጸናል፤ አገርን ግን አያዝም። ጠቅላላ ጉባኤው 193 አገሮች እኩል ድምፅ ያላቸው መድረክ ነው። በጦርነትና በሰላም ጉዳይ የሚያሳልፈው ውሳኔ ግን ትልቅ የፖለቲካ ክብደት ያለው ምክር ነው። መንግሥታትን የማስገደድ ሥልጣን ያለው 15 አባላት ያሉት የጸጥታው ምክር ቤት ነው።

የተናገረው ምክር ቤቱ ከሆነ፣ ያወጣው ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፕሬስ መግለጫ አለ፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። የፕሬዚዳንት መግለጫ አለ፤ በመደበኛ ስብሰባ ላይ ይቀርባል፣ በሰነድነትም ይመዘገባል። ሁለቱም ድምፅ አይሰጥባቸውም፤ 15ቱም ካልተስማሙ አይወጡም። ለዚህም ነው ቋንቋቸው የሚለሰልሰው። የህዳሴው መግለጫ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሦስተኛውና ከባዱ ድምፅ የሚሰጥበት ውሳኔ ነው። ይህ ሁልጊዜ ተራ ቁጥር አለው። «ምክር ቤቱ ወሰነ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ከደረሳችሁ፣ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥር ከሌለው ገና ውሳኔ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ቁጥሩ ከተገኘ ሰነዱን አውጡና «ምዕራፍ ሰባት» የሚል እንዳለበት ፈልጉ። ይህ ማዕቀብንና የጦር ኃይልን የሚፈቅደው የቻርተሩ፣ ማለትም የተመድ መመሥረቻ ሰነድ፣ ክፍል ነው። ሰነዱ በተመድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። በአማርኛ ግን አይታተምም፤ እንግሊዝኛ ወይም ዓረብኛ የሚያነብ ዘመድ ካላችሁ አስነብቡት።

ድምፁን ማንበብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ውሳኔ እንዲያልፍ 9 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ ቋሚ አባላት (አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ) አንዱም መቃወም የለበትም፤ ይህ የማገድ መብታቸው ቬቶ ይባላል። የካቲት 25 ቀን 2022 በዩክሬን ጉዳይ የቀረበው ረቂቅ 11 ድጋፍ አግኝቶ ነበር። ሩሲያ አንድ እጅ አውጥታ ጣለችው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ምክር ቤቱ ጉዳዩን ወደ ጠቅላላ ጉባኤው መራው፤ ያ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ስለሆነ ቬቶ አይሠራበትም። ጉባኤውም መጋቢት 2 በ141 ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ35 ድምፀ ተዓቅቦ ወረራውን ኮነነ።

እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የአገሮቹን ዝርዝር አነባለሁ። በዚያ ቀን ኤርትራ ከአምስቱ ተቃዋሚዎች አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። «141 አገሮች ደገፉ» የሚለው ርዕስ ይህን አይነግራችሁም። ለእኛ አካባቢ ግን ዋናው ወሬ ያ ነበር።

የቋሚ አባል ድምፀ ተዓቅቦ ቬቶ አይደለም፤ መንገዱን መልቀቅ ነው። በ2011 በሊቢያ ላይ የኃይል እርምጃ የፈቀደው ውሳኔ ቁጥር 1973 ያለፈው ሩሲያና ቻይና ስለደገፉት ሳይሆን ስላልተቃወሙት ነው። ከድምፁ በኋላ አምባሳደሮቹ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ያስረዳሉ። ያን ንግግር አትዝለሉት። የሚቀጥለው ወር ጠብ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ይሰማል።

መጋቢት 25 ቀን 2024 የሆነውን አስታውሱ። ከዚያ በፊት በጋዛ ጉዳይ የተኩስ አቁም ረቂቆችን በቬቶ የጣለችው አሜሪካ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች፤ ውሳኔ 2728 በ14 ድምፅ አለፈ። ለረመዳን ወር አፋጣኝ ተኩስ አቁም፣ እንዲሁም የታጋቾችን መለቀቅ የሚጠይቅ ነበር። ወዲያው የአሜሪካ ባለሥልጣናት «አስገዳጅ አይደለም» አሉ፤ ሌሎች አባላት ደግሞ አስገዳጅ ነው ብለው ተከራከሩ። ጦርነቱ ቀጠለ። ሕዝብ በዚያ ምሽት ተስፋ ቢያደርግ አልፈርድበትም። ዜና አንባቢ ግን «አለፈ» እና «ተፈጸመ» የሚሉትን ለያይቶ የመናገር ግዴታ አለበት። አስፈጻሚው ማነው? የሚከታተል ኮሚቴ አለ? ሪፖርት የሚቀርበው መቼ ነው? ሰነዱ ስለ እነዚህ ዝም ካለ፣ ተስፋችሁን በዚያው ልክ አድርጉት።

በመጨረሻ ማብቂያ ቀኑን ፈልጉ፤ ይህን ለማየት ሰነዱን እስከ ታች ማንበብ ይጠይቃል። በግንቦት 2000፣ ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ፣ ውሳኔ 1298 በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። ጊዜው 12 ወር ተብሎ ተጽፎ ስለነበር በዓመቱ አበቃ። በታኅሣሥ 2009 በኤርትራ ላይ ማዕቀብ የጣለው ውሳኔ ቁጥር 1907 ግን እንዲህ ያለ ማብቂያ አልነበረውም። ቀን ያልተቆረጠለት ማዕቀብ የሚነሳው በአዲስ ውሳኔ ነው፤ አዲሱን ውሳኔ ደግሞ አንድ ቋሚ አባል ብቻውን ሊያግደው ይችላል። ኤርትራ ከማዕቀቡ የወጣችው ኅዳር 14 ቀን 2018፣ በውሳኔ 2444 ነው።